የዝንቧ እንቁላልና የማይታየው ሥራ

እኅቶቼ፤ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ዝንብ ነው። ‹‹ቄሱ ደግሞ የሚጽፉት አጡ›› እንዳትሉኝ፤ ነገሩን ያመጣችው ከእናንተው አንዷ ናት።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት እኅታችን ስልክ ደወለችልኝ። የምትሠራበት ቤት የማዳሟ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ልጅቱ አንድ ቀን አፋቸው በጥጥ የተወተፈ ትንንሽ ጠርሙሶች ይዛ መጥታ ጠረጴዛዋ ላይ ደርድራ ወጣች። እኅታችን ክፍሉን ልታጸዳ ገብታ ብታይ በየጠርሙሱ ዝንብ ይርመሰመሳል፤ ከሥሩም ትል ይንቀሳቀሳል። ‹‹ምግብ ተበላሽቶባት ነው›› ብላ አጥባ ልታስቀምጥላት አንዱን ከፍታ ውኃ ስታፈስበት ልጅቱ ደረሰች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አትጠይቁኝ። ጩኸት፣ ልቅሶ፣ ስድብ ሆነ።

‹‹አባቴ፤ ሰው ለዝንብ ያለቅሳል?›› አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ ግን ድምፅዋ ተለወጠ። ‹‹ልጄን ለእናቴ ትቼ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው። ባለፈው ሳምንት በስልክ ‹እናትህ ናት፤ አናግራት› ቢሉት ‹እናቴማ ይቺ ናት› ብሎ አያቱን አሳየ። የሰው ቤት አጸዳለሁ፤ ማታ ይቆሽሻል፤ በነጋው ደግሞ አጸዳለሁ። አራት ዓመት የሠራሁት ሥራ የት አለ? ቢያንስ ለዝንቧ የሚያለቅስላት አላት›› አለችኝ።

እኅቶቼ፤ ለዚህ ወዲያው የምመልሰው አጣሁ። የዝንቡን ነገር ግን የሚያውቁትን ጠየቅሁ፤ መጽሐፍም አገላበጥሁ። ስለ ዝንብ ስፈልግ አንዲት ሴት አገኘሁ፤ በሴትዮዋ ታሪክ ውስጥ ደግሞ ለእኅታችን ጥያቄ የሚሆን ነገር ያለ መሰለኝ። እነሆ ለእርስዋም ለእናንተም። ዘመናቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉ።

ዝንቧ ማን ናት?

ዝንቧን ታውቋታላችሁ። ሙዝ ከመጠን በላይ ሲበስል፣ የተቆረጠ ፍራፍሬ ወጥ ቤት ሲያድር፣ በሀገራችንም የጠላ ጋን አፍ ላይ የምታንዣብበው ትንሿ ዝንብ ናት። ቁመቷ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ዐይኗ ቀይ ነው። ሊቃውንቱ ‹‹ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር›› ይሏታል። ቆሻሻ ላይ ከምታርፈው ከትልቋ የቤት ዝንብ የተለየች ናት።

ይህችን ዝንብ ተመራማሪዎች የመረጧት ስለምታምር አይደለም። ቀለቧ ርካሽ ነው፤ የበቆሎ ዱቄት፣ እርሾና ስኳር ተቀቅሎ፣ የሚያረጋ ነገር ተጨምሮበት በጠርሙስ ይሰጣታል። ቦታ አትፈልግም። በሕይወቷ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ በ10 ቀን ገደማ ደግሞ ለመውለድ የደረሰ ዝንብ ይሆናል። በሰው ላይ የአምስት ትውልድ ታሪክ ለማየት ከመቶ ዓመት በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በዝንብ ግን ሁለት ወር አይሞላም።

ልጅ ከእናትና ከአባቱ የሚወርሰው የመልክና የአካል መመሪያ ‹‹ጂን›› ወይም በአማርኛ ‹‹ዘረ መል›› ይባላል። እያንዳንዱ ዘረ መል በጥንድ ነው፤ አንዱ ከእናት፣ ሌላው ከአባት። ዘረ መሎቹ የሚቀመጡበት ክር መሰል ነገር ‹‹ክሮሞዞም›› ሲባል፣ በሰው 23 ጥንድ ሲሆን በዚህች ዝንብ 4 ጥንድ ብቻ ነው። በ1910 በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ሀንት ሞርጋን የሚባሉ ሊቅ ከቀይ ዐይናሞቹ መካከል አንድ ዐይኑ ነጭ የሆነ ወንድ ዝንብ አገኙ። የእርሱን ልጆችና የልጅ ልጆች ተከታትለው በመቁጠር፣ የውርስ መመሪያ በእውነት በክሮሞዞም ላይ እንደሚቀመጥ አስረዱ። በ1933ም የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ከዚያ ጀምሮ የፍራፍሬ ዝንብ ከላቦራቶሪ ወጥታ አታውቅም። የማዳሟ ልጅ ያለቀሰችላትም ይህችው ናት፤ ምናልባት የሳምንታት ቆጠራዋ በዚያ ጠርሙስ ውስጥ ነበረ።

የቤት ሥራ የማትሠራው ተማሪ

አሁን ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። ስማቸው ክርስቲያነ ኑስላይን-ፎልሃርድ ይባላል። ጀርመናዊት ናቸው። የተወለዱት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ ኦክቶበር 20 ቀን 1942 በማግደቡርግ ነው። ከአምስት ልጆች ሁለተኛዋ ናቸው፤ አባታቸው የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነበሩ። ያደጉት በፍራንክፈርት ሲሆን ትልቅ የአትክልት ቦታ ነበራቸው። ከዐሥራ ሁለት ዓመታቸው ጀምሮ ስለ ዕፅዋትና ስለ እንስሳት የሚያጠና ሰው እሆናለሁ ይሉ ነበር።

እንግዲህ ጎበዝ ተማሪ ነበሩ ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ራሳቸው እንደ ጻፉት ግን ደስ የማይላቸውን ትምህርት በተመለከተ ሰነፍ ነበሩ፤ የቤት ሥራም አይሠሩም። በ1962 ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱት በመካከለኛ ውጤት ነው። ሐኪም ልሁን ወይ ብለው አንድ ወር ያህል በሆስፒታል የነርስነት ሥራ ቢሞክሩ፣ የእርሳቸው መንገድ እንዳልሆነ ተረዱ። አባታቸውም በዚያው ዓመት ዐረፉ። ዩኒቨርሲቲ ገብተው የጀመሩት ትምህርት አላረካ ሲላቸው በ1964 ወደ ቱቢንገን ከተማ ሄደው ባዮኬሚስትሪ፣ ማለትም የሕያዋንን የውስጥ ኬሚስትሪ ተማሩ። በ1973 ዶክተር ተባሉ።

ዶክተር ከሆኑ በኋላ ደግሞ ልባቸው ወደ ሌላ ጥያቄ ሄደ። ጥያቄው ይህ ነው፦ እንቁላል አንዲት ድቡልቡል ነገር ናት። ከእርስዋ ራስ፣ ደረት፣ ሆድ፣ እግር፣ ክንፍ ይወጣል። ራሱ በፊት፣ ጅራቱ በኋላ እንዲሆን ማን ይነግራታል? ያን ጊዜ ይህን በዝርዝር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሴትዮዋም ከሠላሳ ዓመታቸው በኋላ እንደ ገና ፊደል መቁጠር ጀመሩ። በ1975 ወደ ስዊዘርላንድ ባዝል ሄደው፣ ከዚያ በፊት ነክተውት የማያውቁትን የዝንብ እርባታ ከመጀመሪያው ተማሩ። ዝንቦቹን ወደዷቸው፤ በሕልማቸው ሳይቀር ይመጡባቸው እንደ ነበር ጽፈዋል። ‹‹ዕድሜዬ አልፏል፤ አሁን ምን ልማር›› የምትሉ እኅቶች ይህችን ልብ በሏት። እርሳቸው ዶክተር ከተባሉ በኋላ ነው የማያውቁትን ‹‹አላውቅም›› ብለው ከጀማሪ ጋር የተቀመጡት።

ጨው የሌለበት ወጥ

በ1978 በጀርመን ሀገር በሃይደልበርግ፣ በአውሮፓ ሞለኪዩላር ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ሥራ አገኙ። አብረዋቸው የተቀጠሩት ኤሪክ ዊሻውስ የሚባሉ አሜሪካዊ ናቸው። ሁለቱ አንዲት ጠባብ ላቦራቶሪ ተጋርተው፣ ብዙዎች ያልደፈሩትን ሥራ ጀመሩ።

ሥራውን በወጥ ልግለጽላችሁ። ወጥ ስትሠሩ ጨው ብትረሱ፣ ጨው ምን ይሠራ እንደ ነበር ያን ጊዜ በደንብ ይታወቃችኋል። ሽንኩርቱን ብትተዉ ደግሞ የሽንኩርቱን ሥራ ታያላችሁ። እነርሱም እንዲሁ አደረጉ። ዝንቧን የሚሠሯት ዘረ መሎች በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው፤ ዛሬ ወደ 14 ሺህ ገደማ እንደሆኑ ይታወቃል። አንድ አንዱን እያበላሹ በልጁ አካል ላይ ምን እንደሚጎድል ቢያዩ፣ የዚያን ዘረ መል ሥራ ያውቃሉ ማለት ነው።

ለወንዶቹ ዝንቦች ዘረ መል የሚያበላሽ ኬሚካል በስኳር ውኃ እየበጠበጡ አጠጧቸው። ከዚያም አዋለዷቸው። ነገር ግን ዘረ መል ጥንድ ስለሆነ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍነዋል፤ ጉድለቱ አይታይም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ዝንብ ልጆች ለብቻ አድርገው፣ ትውልድ እየቆጠሩ፣ ሁለቱም ጥንድ የተበላሸበት ፅንስ እስኪገኝ ድረስ መጠበቅ ነበረባቸው። በዚህ ዓይነት ለየብቻ ያረቧቸው ቤተሰቦች ወደ 27 ሺህ ይደርሳሉ። ሃያ ሰባት ሺህ! እያንዳንዱ የራሱ ቀለብ፣ የራሱ ምልክት ያስፈልገዋል። የተደባለቀ እንደሆነ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ከዚያም ሳይፈለፈሉ የሞቱትን ፅንሶች እየለቀሙ፣ ቆዳቸው ብርሃን የሚያሳልፍ እንዲሆን በፈሳሽ ውስጥ ነክረው በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። ማይክሮስኮፑ ለሁለት ሰው የሚሆን ነበር፤ አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ተቀምጠው አንዱን ፅንስ በአንድ ጊዜ ያያሉ፤ ‹‹ምን ጎድሎታል?›› እየተባባሉ ይፈርዳሉ። አንድ ፅንስ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለወራት ይህንኑ አደረጉ።

ያገኙት ምን ነበር? የዝንብ ትል አካሉ እንደ ቀለበት በተደረደሩ ክፍሎች የተሠራ ነው። አንዳንዱ ዘረ መል ሲበላሽ ከመካከል ብዙ ቀለበቶች በአንድነት ይጠፋሉ። ሌላው ሲበላሽ እየዘለለ፣ አንዱ ቀርቶ አንዱ ይጠፋል። ሦስተኛው ዓይነት ሲበላሽ ቀለበቶቹ ቁጥራቸው ሳይጎድል የእያንዳንዱ ግማሽ ይበላሻል። ከዚህም ሥራው በደረጃ እንደሚሄድ ተረዱ። ገበሬ ርስቱን ሲያካፍል መጀመሪያ ሰፋፊ ቦታ ይለያል፤ ቀጥሎ በየቦታው ድንበር ያበጃል፤ በመጨረሻ የእያንዳንዱን እርሻ ራስጌና ግርጌ ይወስናል። ፅንሱም እንዲሁ ነው።

በ1980 ‹‹ኔቸር›› በተባለው መጽሔት 15 ዘረ መሎችን ዘርዝረው አሳተሙ። እየቆየም ቁጥሩ ከመቶ በላይ ሆነ። ከእነዚህ አንዱ ሲበላሽ ትሉ በሙሉ በእሾህ መሰል ፀጉር ስለሚሸፈን በጃርት ስም ‹‹ሄጅሆግ›› ብለውታል፤ ይህን ስም ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ሁሉ ሁለቱ ሊቃውንት ብቻቸውን አልሠሩትም። ቀለብ የሚቀቅል፣ ጠርሙስ የሚያጥብ፣ ቁጥር የሚጽፍ እጅ ያስፈልግ ነበር። በ1984 ውጤቱ በሰፊው ሲታተም፣ የላቦራቶሪ ረዳታቸው ስም ከሁለቱ ስም ቀጥሎ በጽሑፉ ራስ ላይ ተቀምጧል። ረዳት ናት ብለው አልዘለሏትም።

እናት ያስቀመጠችው

አሁን ለእኅታችን ወደ ምለው ዋና ነገር ደረስኩ።

እርሳቸው በ1981 ወደ ቱቢንገን ተመልሰው፣ በ1985 በዚያው ከተማ የማክስ ፕላንክ የዕድገት ባዮሎጂ ተቋም ዲሬክተር ሆኑ። በዚህ ጊዜ ያጠኑት ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራውን ነው። ዝንቧ እንቁላል ከጣለች በኋላ ባሉት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ገደማ፣ የፅንሱ የራሱ ዘረ መሎች አብዛኞቹ ገና አልነቁም። ታዲያ ያን ጊዜ ሥራውን የሚሠራው ማን ነው? እናቲቱ እንቁላሉ በሆዷ ሳለ አስቀድማ በውስጡ ያኖረችው መልእክት ነው።

ከመልእክቶቹ አንዱ ‹‹ቢኮይድ›› ይባላል። እናቲቱ በእንቁላሉ አንድ ጫፍ ታኖረዋለች። እንቁላሉ ከተጣለ በኋላ ከዚያ መልእክት ፕሮቲን ይሠራል፤ ፕሮቲኑም ከጫፉ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይዘልቃል። ቡና ሲቆላ ታውቁ የለ? ምጣዱ አጠገብ ሽታው ያይላል፤ በር ላይ ይቀንሳል፤ ጎረቤት ዘንድ እምብዛም አይሰማም። ዐይኑን የታሰረ ሰው እንኳ በሽታው ብቻ ቡናው ወዴት እንዳለ ያውቃል። ፅንሱም የቢኮይድ ፕሮቲን በበዛበት በኩል ራስን፣ መካከለኛ በሆነበት ደረትን ይሠራል። ይህን በ1988 ከተማሪያቸው ከቮልፍጋንግ ድሪቨር ጋር አሳዩ።

እናቲቱ ይህን መልእክት ማስቀመጥ ካልቻለች ፅንሱ ራስም ደረትም የለውም፤ በራስ ቦታ የጅራት ጫፍ ይወጣበታል። የአባትየው ዘረ መል ደኅና ቢሆን እንኳ አያድነውም፤ ይህ ሥራ ከእንቁላል መጣል በፊት የተሠራ የእናት ሥራ ነውና። ከጤነኛ እንቁላል የፊት ጫፍ ጥቂት ፈሳሽ ወስደው ለጎደለው እንቁላል በቀጭን መርፌ ሲሰጡት ግን ራስ ማውጣት ጀመረ። መልእክቱ በእርግጥ በዚያ ቦታ እንዳለ በዚህ ታወቀ።

እኅቴ ሆይ፤ ልብ በይ። ዝንቧ እንቁላሏን ጥላ ትበራለች። ተመልሳ አታየውም፤ አታጠባውም፤ ስሟንም አይጠራም። ሆኖም ራስ ራስ የሆነው እርስዋ ከመሄዷ በፊት ባስቀመጠችው ነው። የሚያይ ሰው ‹‹ይህ ፅንስ ብቻውን አደገ›› ይላል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው።

እንዳታለል ደግሞ አልፈልግም፤ እናንተንም ማታለል አልፈልግም። ዝንብ ዝንብ ናት፤ ሰው ሰው ነው። ቢኮይድ የሚባለው በሰው ውስጥ የለም፤ በብዙ ሌሎች ነፍሳት ውስጥ እንኳ የለም። ከዝንብ እንቁላል ተነሥቼ ‹‹ልጅሽ አይጎዳም›› ብልሽ ሐሰት ይሆንብኛል። ልጅ እናቱን ይፈልጋል፤ ናፍቆቱም እውነት ነው፤ ያንቺም ልቅሶ እውነት ነው። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ የማይታይ ሥራ ሁሉ ያልተሠራ ሥራ አይደለም። ያጠባሽው፣ ያዘልሽው፣ ቋንቋ ያስጀመርሽው፣ ከመሄድሽ በፊት ለማን እንደምትተዪው አስበሽ የመረጥሽው፣ ዛሬም የምትልኪለት ቀለቡና ደብተሩ፣ ልጁ በስም ባይጠራውም ከሥሩ አለ።

ከዝንብ ወደ ሰው

‹‹ይህ ሁሉ ለሰው ምን ጠቀመ?›› ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከዝንቧ ዘረ መሎች ብዙዎቹ በሰውም ውስጥ አቻ አላቸው። ያ ‹‹ሄጅሆግ›› ያልኳችሁ የጃርቱ ዘረ መል፣ የአከርካሪ አጥንት ባላቸው እንስሳት ውስጥ አቻው በ1993 ተገኘ። በሰው ፅንስ ላይ የእጅ ጣቶችንና አንጎልን በሥርዓት ለመሥራት ያገለግላል። በአዋቂ ሰው ቆዳ ላይ ያለ ልክ ሲሠራ ደግሞ አንድ ዓይነት የቆዳ ካንሰር ያመጣል። ይህን መንገድ የሚዘጋ ‹‹ቪስሞደጊብ›› የተባለ መድኃኒት በ2012 በአሜሪካ ተፈቅዷል። የትል ፀጉር በማይክሮስኮፕ በመቁጠር የተጀመረ ነገር ለካንሰር ሕሙማን መድኃኒት እስኪሆን ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀ።

ሌላም አለ። በ1985 ያሳወቁት አንድ ዘረ መል ‹‹ቶል›› ይባላል። ቶል በጀርመንኛ ‹‹ግሩም ነው!›› እንደ ማለት ነው፤ ፅንሱን ባዩ ጊዜ ያወጡት ቃል ነው ይባላል። መጀመሪያ የታወቀው የፅንሱን ጀርባና ሆድ በመለየት ነው። በ1996 በፈረንሳይ የእነ ዡል ሆፍማን ቡድን ይኸው ቶል የጎደለው ዝንብ ሻጋታን መከላከል እንደማይችል አሳየ። ብሩስ ቦይትለር ደግሞ በ1998 አቻው በአይጥ አካል ውስጥ ተህዋስያንን እንደሚለይ አገኙ። በሰው አካልም በሽታ አምጪ ገባ ብሎ የሚያስጠነቅቅ ዘበኛ መሆኑ ታወቀ። እነዚህ ሁለት ሊቃውንት በ2011 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት መካከል ናቸው።

ኑስላይን-ፎልሃርድና ዊሻውስ ራሳቸው በ1995 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። አብረዋቸው የተሸለሙት አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሉዊስ ናቸው፤ እርሳቸው ሁለት ክንፍ ብቻ ካላት ዝንብ አራት ክንፍ ያላት እስክትወጣ ድረስ ዘረ መሎችን ለአሥርት ዓመታት ሲያጠኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ኑስላይን-ፎልሃርድ ከሽልማቱ በኋላም አልተቀመጡም። ዝንብ ላይ ያደረጉትን ፍለጋ ዜብራ ዓሣ በሚባለው ትንሽ ባለ መስመር ዓሣ ላይ ደገሙት፤ የዚህም ውጤት በ1996 በአንድ የሳይንስ መጽሔት ልዩ እትም ወጥቷል።

ለጓዳ ሥራ የተመደበ ገንዘብ

እኅቶቼ፤ አሁን የምነግራችሁ ደግሞ በቀጥታ እናንተን ይነካል።

እኚህ ሴት የራሳቸው ልጅ የላቸውም። ዲሬክተር ሆነው ብዙ ወጣት ሴቶችን ሲያስተምሩ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ። ጎበዞቹ ሴቶች ልጅ ሲወልዱ ከምርምር ይቀራሉ። ዕውቀት አንሷቸው አይደለም፤ ቀኑ አንሷቸው ነው። ልብስ ማጠቡ፣ ማብሰሉ፣ ሕፃን መያዙ ቀኑን ይበላዋል። ስለዚህ በ2004 በስማቸው የሚጠራ ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ ልጅ ላላቸው ወጣት ሴት ተመራማሪዎች ገንዘብ ይሰጣል። ለምን እንደሚሰጥ ገምቱ! ለማይክሮስኮፕ አይደለም፤ ለኬሚካልም አይደለም። ለቤት ሥራ ረዳትና ለሕፃን ጠባቂ የሚከፈል ነው።

እስኪ ቆም ብለን እናስተውለው። ዓለም ያከበራቸው ሊቅ ሳይንስ ምን ጎደለው ብለው ቢያስቡ ያገኙት ጓዳውን ነው። ቤት የሚያጸዳ፣ ልጅ የሚይዝ ሰው ከሌለ ላቦራቶሪውም ባዶ እንደሚቀር ተረዱ። ራሳቸውም ጓዳ የሚንቁ ሰው አይደሉም፤ በ2006 የምግብ አሠራር መጽሐፍ ጽፈዋል።

እናንተ የምትሠሩበት ቤት ማዳም ሐኪም ልትሆን ትችላለች፤ መምህርት ወይም የባንክ ሠራተኛ ልትሆን ትችላለች። ጠዋት ተዘገጃጅታ የምትወጣው ልጇን ለእናንተ ትታ ነው። በሽተኛው ሲድን፣ ተማሪው ሲያልፍ፣ የእናንተ ስም አይነሣም። ግን በዚያ ሥራ ውስጥ አላችሁ። ይህን የምለው በደልን በምስጋና እንድትሸፍኑ አይደለም። ሥራው እንዲህ ያለ ዋጋ ያለው ከሆነ ደመወዙ በወቅቱ ሊከፈል፣ ዕረፍቱ ሊከበር፣ ሠራተኛዋም እንደ ሰው ልትታይ ይገባል። ‹‹ምን ሠራሽ?›› ለሚል ሰው መልስ ስላላችሁ ነው የምነግራችሁ። ከሁሉ በፊት ግን ራሳችሁን ‹‹ምንም አልሠራሁም›› አትበሉ።

ለእኅታችን የመለስኩላት

ይህን ሁሉ አንብቤ ለእኅታችን ደወልኩላት። ሦስት ነገር ነገርኳት።

አንደኛ፦ የማታውቂውን ነገር ከማጽዳትሽ በፊት ጠይቂ። ለአንቺ ቆሻሻ የመሰለሽ ለሌላው የወራት ድካም ሊሆን ይችላል። ልጅቱም አንቺን መስደቧ ልክ አልነበረም፤ አንቺ ግን የድርሻሽን ተናገሪ አልኳት። እርስዋም ‹‹ዝንቡ ለትምህርትሽ መሆኑን አላወቅሁም›› ብላ ነገረቻት። ልጅቱ ቀዝቅዛ ኖሮ፣ ሌላ ቀን ጠርታ በአጉሊ መነጽር አሳየቻት። ወንዱ የሆዱ ጫፍ ጥቁር ነው፤ ሴቷ በለጥ ትላለች፤ ጫፏም ሾጠጥ ያለ ነው። እኅታችን ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ የተማሪ ድምፅ ነበር።

ሁለተኛ፦ ለልጅሽ በሳምንት አንድ የታወቀ ቀንና ሰዓት ይኑርሽ። ባይናገርሽም ደውዪ። ‹‹እናትህ ነኝ›› ብለሽ ከመከራከር ይልቅ ዛሬ ምን በላህ፣ ምን ተማርክ በዪው። አያቱን እናቴ ማለቱ ይቅርታ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም፤ መርጠሽ የሰጠሽው ሰው እንደ ወደደው ምልክት ነው። ለእናትሽም ፎቶግራፍሽን በሚያየው ቦታ እንድትሰቅልለት፣ ስለ አንቺ እንድታወራለት ንገሪያት። እናትሽም የአንቺን መልእክት የምታደርስ ናት።

ሦስተኛ፦ ዝንቧ ትሄዳለች፤ አትመለስም። አንቺ ግን ዝንብ አይደለሽም። ኮንትራትሽ የሚያልቅበት ቀን አለ። ያን ቀን ጻፊው፤ ገንዘብሽን ለዚያ ቀን ቁጠሪ፤ ከመካከሉም ለራስሽ ጥቂት አስቀምጪ። ኑስላይን-ፎልሃርድ 27 ሺህ ቤተሰብ ዝንብ በአንድ ቀን አልቆጠሩም፤ ዛሬ ይህን፣ ነገ ያንን እያሉ ነው።

እኅታችን ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያም፣ ‹‹አባቴ፤ ልጄ ትናንት ደወልኩለት። አሁንም እናቴ አላለኝም። ግን ‹መቼ ነው የምትመጪው?› አለኝ›› አለችኝ።

እኔም፣ ‹‹ታዲያ ምን አልሽው?›› አልኳት።

‹‹ቀኑን ነገርኩት›› አለችኝ።

እኅቶቼ፤ በሚቀጥለው እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ። ለቤተሰቦቻችሁ መደወል አትርሱ።